ሴት ቁጥር ሦስት

ሰኞ 3

የመጀመሪያው ቀን አለቀ። አንድ ረጅም ክፍል፣ ጥቁር መጋረጃ፣ ጣሪያው ሥር ዙሪያውን የተሰቀሉ ካሜራዎች፣ መሐል ላይ ወለሉ ውስጥ የተቀበሩ ሁለት ሰሌዳዎች። ሰው ሲረግጣቸው መሬቱ መልሶ በምን ያህል ኃይል እንደገፋው ይናገራሉ። የሰው ጉልበት ሳሽ፣ የሰው ወገብ ሳቃና የኖርኩ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። መሬት መልሶ ይገፋል ብሎ የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።

ሥልጠናው ላይ ሁለት ነን፣ እኔና አንድ መሐንዲስ። እሱ የእጅ አጥንትን ከእግር አጥንት አይለይም፣ እኔ ደግሞ እኩልታ ሳይ ዓይኔ ይቦዛል። "ሁለታችንን ቢደምሩን አንድ ሰው ይወጣናል" አለኝ። ወደድኩት።

ኃላፊው ሽበታም፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ናቸው። የሚያንጸባርቁ ትንንሽ ኳሶች ሰውነት ላይ ይለጠፋሉ፣ ካሜራው የሚያየው እነሱን ብቻ ነው። ከቆዳ ሥር ያለውን የአጥንት ጫፍ በጣት ዳስሶ ማግኘት የኛ ሥራ ነው። መሐንዲሱ ዳሌ ላይ አንዷን ለጠፍኩ። መጡ፣ በጣታቸው ነካ አደረጉና "ስድስት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ወጥተሻል" አሉ። ከምሳ በፊት ስማቸው ሚሊሜትር ሆነ።

ቤት ስገባ እማዬ ከጓዳ ብቅ ብላ ደረቷን ያዘች። "ውይ! መች ገባሽ? ኮቴሽን አልሰማሁም እኮ!" ሁልጊዜ እንዲሁ ናት። በገዛ ቤቷ የገዛ ልጇ ታስደነግጣታለች።

ሐሙስ 6

"ሰው መታየቱን ካወቀ አይሄድም፤ ያስመስላል።" ሚሊሜትር ናቸው ያሉት። ስለዚህ ሰሌዳው የት እንዳለ ለሚለካው ሰው አይነገርም። ከነገርነው እርምጃውን አስረዝሞ ወይ አሳጥሮ ሊረግጠው ይሞክራል፣ ልኬቱም ውሸት ይሆናል። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየህ ና ይባላል፣ በቃ።

መሐንዲሱ እጁን አወጣ። "እኔን አለቃዬ ወደዚህ የላኩኝ አካሄድህ አላማረኝም ብለው ነው። እዚህ ይለካልኛል?"

ሚሊሜትር እንኳ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቃሉ ግን ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም። አካሄድ። እግርም ነው፣ ጠባይም ነው።

ማክሰኞ 11

በጥድፊያ። ታካሚዎች የሚነጻጸሩበት ጤነኛ ሰው እየተፈለገ ነው። መሣሪያው የጤነኛ ሰዎችን መለኪያ ይዞ ነበር የመጣው፣ ሚሊሜትር ግን "ወለሉ ሌላ፣ እጁ ሌላ፤ የሰው መለኪያ አንዋስም" አሉ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ጠፋች። ሁለት ነርሶችና የመዝገብ ቤቷ ልጅ ብቻ ተገኙ። መሐንዲሱ ገመድ ሊገዛ ወጥቷል። ሚሊሜትር ወደ እኔ ዞሩ።

"ስብራት? ቀዶ ሕክምና? የልጅነት ሕመም?"

"የለም።"

እንዲህ ነው የሚመለሰው። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የምመልሰው።

የሚኬደው በባዶ እግር ነው። አውቀው ነበር፣ ግን አላሰብኩበትም። ሰዓቱን እያየሁ ሄድኩ። ቀጥ ብዬ። "ጥሩ" አሉ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ነው። ሴት 3 ነኝ።

ማታ ወገቤን አመመኝ። ከወንበሩ ነው።

ረቡዕ 12

እግረ መንገዴን ጫማ ሰፊው ጋ ጎራ አልኩ። የግራውን ጫማ አስረከበኝና "እንደ ድሮው ከፍ አድርጌዋለሁ" አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ምን ያንሾካሽከዋል? ሰው ሁሉ ጫማ ያሠራል።

አርብ 14

ዛሬ ግራጫውን ተማርን። ኮምፒዩተሩ የእያንዳንዱን ሰው አካሄድ፣ ዳሌው ሲወጣ ሲወርድ፣ በመስመር ያወጣዋል። የአራቱ ጤነኛ ሴቶች መስመር አንድ ላይ ይሳላል። መሐከሉ ይወሰዳል፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደተራራቁ ይታያል፣ በዚያው ልክ ከመሐሉ ወዲህና ወዲያ በግራጫ ይቀባል። ግራጫው መንገድ ነው። የታካሚው መስመር በመንገዱ ውስጥ ከሄደ ጤነኛ ነው፣ ከወጣ ችግር አለ። ሰዎቹ ከተመሳሰሉ መንገዱ ቀጭን ይሆናል። አንድ ለብቻው የሚሄድ ካለ ግን ሰፍቶ ያገኘውን ሁሉ ያስገባል።

የእኛ የዳሌ ግራጫ ሰፊ ነው። መሐንዲሱ "ይሄ መንገድ ሳይሆን ሜዳ ነው" አለ። አራት ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ጥቂት ስለሆነ ነው።

ሰኞ 17

የመጀመሪያዋ ታካሚዬ! ፀጉር ሠሪ ናት፣ ዕድሜያችን እኩል ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ በቀኝ ዳሌዋ ካረፈች ወዲህ ቆማ መሥራት አቅቷታል። የራጅ ፎቶው አጥንቱ ደህና ነው ይላል፣ ከአጥንት ሌላ የሚያሳየው ማሽን ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል። የአጥንት ሐኪሙ በዳሌዋ ጎን ያለው ጅማት ተበጥሶ እንደሆነ ጠርጥረዋል። ከፍተው ይስፉት ወይስ ይተዉት የሚለውን ለመወሰን የእኛን ልኬት እየጠበቁ ነው።

"ዶክተር፣ ከየት ልጀምር?"

"ዶክተር አይደለሁም።"

"እንግዲያው እህቴ ልበልሽ።"

ኳሶቹን ስለጥፍባት ቁልቁል እያየች ሳቀች። "ከሠርጌ ወዲህ እንዲህ ያጌጥኩት ዛሬ ነው።" ከዚያ ሳቋ ቆመ። "ባለቤቷ አስመሳይ ትለኛለች፣ የምሠራበት ቤት ባለቤት። ደንበኛ ሲበዛ ነው የሚያማት ትላለች። ባሌ እንኳ ዝም ይላል እንጂ ዓይኑ ይናገራል። እህቴ፣ ይሄ ማሽን ይመሰክርልኝ ይሆን?"

"ይመሰክርልሻል" አልኳት። አፌን ሞልቼ። ማን ጠይቆኝ!

ስትሄድ አየኋት። ቀኟን ስትረግጥ ግራ ዳሌዋ ቁልቁል ይወርዳል፣ እሷ ደግሞ እንዳይታይባት ትከሻዋን ቀጥ ታደርጋለች። ይህን ለማየት ካሜራ አያስፈልገኝም። ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁ። ከሥራ ልምድ ማለቴ ነው።

ማክሰኞ 18

ሚሊሜትር ሰሌዳው ላይ ሚዛን ሳሉ። በአንድ እግር ስንቆም ሰውነታችን ዳሌውን ከወዲያ ይጎትታል፣ በጎን ያለው ጡንቻ ደግሞ ከወዲህ። ጡንቻው ለመደገፊያው በጣም ቅርብ ነው፣ ክብደቱ ራቅ ይላል። ስለዚህ ሚዛኑን ለመጠበቅ ጡንቻው ከራሱ ከሰውየው ክብደት በላይ መጎተት አለበት። በያንዳንዱ እርምጃ፣ ቀኑን ሙሉ። "ጡንቻው የደከመ ሰው ወይ ከላይ ያዘነብላል፣ ወይ ከታች ዳሌው ይወድቃል" አሉ።

እንዳያዘነብል ቢጠነቀቅስ ብዬ ልጠይቅ ፈልጌ ተውኩት። መልሱ እዚያው ሰሌዳው ላይ ነበር። ላለማዘንበል በተጠነቀቀ ቁጥር ዳሌው የባሰ ይወድቃል።

ሐሙስ 20

በግራጫው ውስጥ ነው። የፀጉር ሠሪዋ መስመር። ጠርዙ ላይ፣ ግን ውስጥ። ኳሶቹን ፈተሽኩ፣ ደግሜ ሠራሁት፣ ያው ነው።

ሚሊሜትር ከኋላዬ ቆመው አዩ። "ዓይንሽ ምን ይላል?"

"ታነክሳለች።"

"ግራጫውስ?"

ጣቴን ጠርዙ ላይ፣ ከውስጥ በኩል አሳረፍኩ። "ዓይን አይጻፍም" አሉ። "ዓይናችንን የምናምን ቢሆን ይሄን ሁሉ ካሜራ ለምን ሰቀልነው?"

ሪፖርቱን ጻፍኩ። እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ።

እሑድ 23

ከእማዬ ጋር ዋልን። ልብስ አጠብን፣ ስለ ጎረቤት ተንሾካሾክን። ሥልጠናው እንዴት ነው ስትል ጥሩ ነው አልኳት።

የቤታችን ኮሪደር ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ ትልቅ መስታወት አለ። በልጅነቴ እማዬ እዚያ ታጫውተኝ ነበር። እሷ መስታወቱ አጠገብ ቁጭ ትላለች፣ እኔ ከወዲያኛው ጫፍ እመጣለሁ። "ቀጥ!" ትላለች። ካዘነበልኩ ተመልሼ እንደገና ነው። ጥሩ ጨዋታ ነበር። አንዳንዴ እያለቀስኩም እንጫወት ነበር።

ዛሬ የታጠበ ልብስ ታቅፌ በዚያው ሳልፍ መስታወቱ ውስጥ ተያየን። ምንም አላለችም፣ አገጯን ብቻ ከፍ አደረገች። ቀጥ አልኩ።

ሰኞ 24

መሐንዲሱ የዳሌው ሜዳ ሲያበሽቀው ውሎ አራቱን መስመሮች ለየብቻ አወጣቸው። ሦስቱ ተደራርበው ይሄዳሉ። አንዷ ቁልቁል ወርዳ ብቻዋን።

"ኑ እዩልኝ! ይቺ ሴት 3 አካሄዷ አላማረኝም!"

ሳቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ሳቅሁ።

"ሙች፣ ታነክሳለች! ማናት? እናውጣትና እንገላገል።"

"በምን ምክንያት?" አሉ ሚሊሜትር ከጠረጴዛቸው።

"ስለማታምር።"

"አንተ ያላማረችህን ዛሬ ካወጣህ፣ እኔ ያላማረኝን ነገ አወጣለሁ። ያ ምርጫ እንጂ ልኬት አይባልም። ተጠይቃ ጤነኛ ነኝ ብላለች። ምክንያት ካመጣህ እሰማሃለሁ።"

ይህን ሲሉ ወደ እኔ አላዩም። ወይም አይተዋል። እኔ አንገቴን ደፍቼ ኳስ እየቆጠርኩ ነበር።

ሐሙስ 27

የአጥንት ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለነርሷ ሲነግሯት ሰማሁ። "የእግር ልኬቷ ጤነኛ ነው የሚለው። እኔም ዝም ብዬ ሰው አልከፍትም። ማክሰኞ ልንገራትና ፋይሏን እንዝጋ። ወደ አእምሮ ሐኪም ትሂድ።"

ፀጉር ሠሪዋ ገና አልሰማችም። ሌላ ወረቀት ልታስፈርም መጥታ ደረጃው ሥር ጠበቀችኝ። "እህቴ፣ መሰከረልኝ?"

"ሐኪሙ ይነግሩሻል።"

"ፊትሽ ልክ አይደለም።"

"ደክሞኝ ነው።"

ከጆሮዬ ያመለጠውን ፀጉር መለስ አደረገችልኝ። "አንድ ቀን እኔ ጋ ነይ፣ ላሳምርልሽ። ቆሜ መሥራት የቻልኩ ለት።" አንጀቴን በላችው። ደረጃውን ስትወርድ ዞሬ አላየኋትም። ኮቴዋን ግን ሰማሁት፣ አንዱ ከባድ፣ አንዱ ቀላል።

ከሰዓት በኋላ ሴት 3ን አውጥቼ ግራጫውን እንደገና ሳልኩት። ለማየት ያህል ነው። መንገዱ ጠበበ። የፀጉር ሠሪዋ መስመር ከመንገዱ ወጥቶ ገደል ገብቷል። ዘግቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ 29

አልጽፍም።

እሑድ 30

እዚህ ማንም በማያነበው ደብተር ላይ እንኳ ስዋሽ ከረምኩ። ለማን ነው የምዋሸው?

ስወለድ ግራ ዳሌዬ ከመገጣጠሚያው ወጥቶ ነበር። የታወቀው ዘግይቶ፣ መሄድ ከጀመርኩ ከቆየሁ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው እግሬን አዳነው፣ አሳጠረውም። እማዬ ልታስመዘግበኝ የወሰደችኝ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት እንዲህ ላለች ልጅ አንመችም ብሎ መለሳት። የኮሪደሩ ጨዋታ የተጀመረው ያን ለት ማታ ነው። ሁለተኛው ትምህርት ቤት "ሕመም አለባት?" ሲላት "የለም" አለች። እጇን ይዤ ቆሜ ነበር፣ መዳፏ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም የለም ስል ኖርኩ። አሁን ያ "የለም" ያልኩት የሰው መለኪያ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከምሳ በኋላ ነገርኳት።

"እማ፣ ልነግራቸው ነው።"

"ምኑን?"

"እግሬን።"

ጨርቁን አስቀመጠች። "ማን ጠየቀሽ?"

"ጠይቀውኝ ነበር። የለም አልኳቸው።"

"ታዲያ ጨረስሽ። ምን ጎደለሽ? አንዴ ካወቁ ሥራሽን አያዩልሽም፣ እግርሽን ነው የሚያዩት። ገብተሽ በወጣሽ ቁጥር እግርሽን ነው የሚያዩት! ስንት ዓመት የለፋሁበትን ልታፈርሽው ነው?"

"አንዲት ሴት በእኔ ምክንያት አስመሳይ ልትባል ነው፣ እማ። ታማ ሳለ።"

"እኔ የሌላ ሴት እናት አይደለሁም!"

ሽንጤን ገትሬ ልከራከራት አማረኝ፣ አልቻልኩም። ስለ ሰዎቹ የምትለው እውነት ነው። ስለ ልፋቷም እውነት ነው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። እፈራለሁ። ሥልጠናውን እንዳያስጨርሱኝ እፈራለሁ፣ ከዚያ የበለጠ ደግሞ መሐንዲሱ ነገ ከኋላዬ ሲሄድ ወዴት እንደሚያይ እፈራለሁ። ፀጉር ሠሪዋ ግን ማክሰኞ ትሰማለች። ነገ ሰኞ ነው።

ሰኞ 1

ነገርኳቸው።

መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፣ ሚሊሜትር ፊት ስቆም ግን ተውኩት። "ምክንያት ይዤ መጥቻለሁ" አልኩ።

"የምን?"

"የሴት 3ን።"

ነገርኳቸው። ዳሌውን፣ ቀዶ ሕክምናውን፣ ጫማውን። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ያለ መነጽር አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ኳሶቹን የለጠፍኩብሽ እኔ ነኝ። መስመሩን ሳይ ጠርጥሬ ነበር። ደግሜ መጠየቅ ነበረብኝ" አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸው ከረረ። "አንቺ ደግሞ የፀጉር ሠሪዋ መስመር ግራጫው ውስጥ ሲገባ አየሽ። አይተሽ ፈረምሽ። ሴትዮዋ ውሸታም ተብላ ልትሸኝ ነበር።"

"አዎ።"

"እርምጃ ይወሰዳል።"

እርምጃ። እዚህ ቤት ቅጣቱም በእግር ነው።

ስልኩን አንሥተው ሐኪሙ ጋ ደወሉ። "የፀጉር ሠሪዋን ፋይል እንዳይዘጉት። እሷን ይተዉአት፣ የሚያነክሰው የእኛ መለኪያ ነው።"

ሐሙስ 4

ግራጫው እንደገና ይሠራል፣ በብዙ ሰው። እስኪያልቅ የምስክር ወረቀት አላገኝም፣ ሪፖርትም አልፈርምም። አለማባረራቸውም ትልቅ ነገር ነው። መሐንዲሱ ግማሽ ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ መጥቶ "ሴት 3፣ ምሳ እንብላ?" አለኝ። ስንሄድ ከጎኔ ነው የሄደው እንጂ ከኋላዬ አልሄደም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ።

ፀጉር ሠሪዋ ለጊዜው በሦስቱ ሴቶች ብቻ የወጣውን አዲሱን ውጤት ሰምታ እየሮጠች መጣች ማለት ይቻላል። "ጤነኛ አይደለሽም ተባልኩ! ሊሰፉልኝ ነው!" ብላ አቀፈችኝ። በዚህ ዜና እንዲህ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

እቅፏ ውስጥ እያለሁ ስለ እግሬ ነገርኳት። ግራጫው ውስጥ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ አልኳት። ክንዷ ላላ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ እግሬ ላይ ቆየች።

"እኔ እንዲታይልኝ እለምናለሁ" አለች ቀስ ብላ፣ "አንቺ እንዳይታይብሽ ትደክሚያለሽ።"

ይቅርታ አድርጌልሻለሁ አላለችም። ወረቀቷን ይዛ ሄደች። ልክ ናት።

ማምሻውን ሚሊሜትር ካሜራዎቹን አበሩ። "አሁን እንደ ታካሚ ልለካሽ። ሳትደብቂ ነይ።" ጫማዬን አውልቄ ሄድኩ። ያው ሴት 3 ናት። እንደገና ሄድኩ፣ ያው። ልቀቂ አሉኝ፣ ለቀቅሁ፣ ያው። መስመሩ ላይ መስመር ተደራረበ።

"ሳላስመስል እንዴት እንደምሄድ አላውቅም" አልኳቸው።

"የሚያውቅ ሰው ይኖራል?" አሉ።

ቅዳሜ 6

እማዬ ሳምንቱን ሙሉ ከሰላምታ በቀር አላናገረችኝም። ዛሬ ከሰዓት አልጋዋ ላይ ልብስ ስታጥፍ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ክው አደረግሽኝ! መች መጣሽ?"

"እማ፣ ድሮ እንዴት ነበር የምሄደው? ከጨዋታው በፊት።"

ማጠፏን ቀጠለች። "ምን ያደርግልሻል?"

"ጠፍቶብኛል።"

እጇ ቆመ። ከዚያ ተነሥታ ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና አልፋኝ ወጣች፣ ወደ ኮሪደሩ የወዲያኛው ጫፍ፣ የእኔ ወደ ነበረው። ዞረች። ጉልበቷን ዝቅ አደረገች፣ ቁመቷ የልጅ ሆነ።

መጣች። ግራዋ ላይ ስታርፍ ወገቧ ወደ ጎን ይሰበራል፣ ቀኝ እጇ ክንፍ ያወጣ ይመስል ወደ ላይ ይነሣል፣ አገጯ ወደ ፊት ቸኩሏል። እጄ እንደዚያ ይነሣ እንደነበር አላውቅም ነበር። አላጋነነችም፣ አላላገጠችም። አንድ ነገር አልረሳችም። ባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ይሰማል፣ ጠፍ ጧ፣ ጠፍ ጧ። መስታወቱ ጋ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ግድግዳውን ያዘች።

"እንዲህ ነበር" አለች። "ከግቢው በር ጀምሮ በኮቴሽ ነበር የማውቅሽ። ጠፍ ጧ ሲል ልጄ መጣች እላለሁ።" ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። "ቀጥ ካልሽ ወዲህ መምጣትሽ አይሰማኝም።"

ጫማዬን አወለቅሁና ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄድኩ። እማዬ ድሮ የምትቀመጥበት ቦታ ቁጭ አለች፣ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ዓይኗን ጨፍና። መስታወቱ ውስጥ አየኋት።

"ነይ" አለች።